የተቆጠረች ሳምንት

በግሪምስቢ ወደብ ዝናብ ከጎን ይመታል፣
ጃንጥላን ከያዘው ነፋሱ ያፋታል።
በዚያ ዝናብ መሐል፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
ፋይሏን በፌስታል ጠቅልላ ሉዝቪሚንዳ
ከሥራ ቢሮው ደጅ ቆማለች ከፊቴ፤
ሦስት ደሴቶች ስም አዋጥተው ያወጡላት ባለቤቴ።

አምስት ክረምት ሙሉ፣ ቪዛዋ ላይ ታትሞ፣
“ካዝናዬን አትንኪ” ይላት ነበር አገሬ፣ ከእኔ ቀድሞ።
ባለፈው ወር ግን ደብዳቤ መጣላት፣
“እንግዲህ ኗሪ ነሽ፣ አትወጪም” አላት።
ኬክ ገዛን። ሻማ ረሳን።
በሳምንቱ የዓሣው ፋብሪካ የማታውን ፈረቃ አጠፈና
ጓንቷንና ቦቲዋን አስረከበች፣ እጇ ገና
ዓሣ ዓሣ እየሸተተ።

ብሮኒ ትባላለች፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው ልጅ፤
ጥፍሯ ሐምራዊ፣ ድምጿ የወዳጅ።
የስም ሣጥኑ ጠበበና “ሉዝቪሚን” ላይ ቆመ፤
ኮምፒዩተሩ ሦስተኛዋን ደሴት ባሕር አሰጠመ።

“የኢንሹራንስ መዋጮሽ የአሥራ አራት ወር ነው፣
ሕጉ የሚፈልገው ሁለት ሙሉ ዓመት ነው።
ዓመቱም የሚታጠፈው ኤፕሪል ስድስት ላይ ነው፤
ያንቺ ወሮች ከእጥፋቱ ወዲህና ወዲያ ፈሰሱ።
ባልሽ ደግሞ ይሠራል።” ወደ እኔ ዞረች፣
የትምህርት ቤት ቦይለር አሞቃለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣
“ስለዚህ ገንዘብ የለም።”

ገንዘብ የለም።
ቁልፌን አነሣሁ።
እሷ አልተነሣችም።

“ሌላውስ?” አለች። “የሚቆጠረው?”
ብሮኒ ቀና አለች። “ክሬዲቱን ነው?
በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሽ ትፈርሚያለሽ፤
የት የት ሥራ እንደጠየቅሽ ታሳያለሽ፤
ሳንቲም ግን ጠብ አይልልሽም።”
“አውቃለሁ።”
“የአውቶቡሱ እንኳ…”
“በእግሬ እመጣለሁ።”

እስክሪብቶ ሰጠቻት። ሉዝቪሚንዳ ስሟን
ከሣጥኑ አስወጥታ፣ ከጫፍ ጫፍ፣ ሙሉውን
ጻፈች። የሰጠመችው ደሴት ከኅዳጉ ላይ
ራሷን አወጣች፣ አየር ልትስብ ይመስል።

እኔ ክሬዲት ሲባል የማውቀው ዱቤ ነው፣
ሥጋ ሻጩ በእርሳስ “ኤድና” ብሎ የጻፈው፤
የእናቴን ስም ማለቴ ነው። ዓርብ ሲደርስ እኔ ተልኬ
ሳንቲም ቆጥሬ የማስፍቀው፣ አንገቴን ሰብሬ።
የዚህኛው ዱቤ ግን ግልብጥ ነው ነገሩ፦
ሳይበሉበት ይጻፋል፤
ሳምንቷ ባዶ ናት፣ ግን አለች ከቁጥሩ።
ጡረታ በሚሏት በዚያች ሩቅ አገር፣
ቀድማ የምትሄድ ሳምንት ትይዝላታለች ወንበር።

ይህን ያሰብኩት ኋላ ነው። ያኔ ግን፣ መንገድ ላይ፣
“ገንዘብ ለሌለው ፊርማ!” አልኩ፣ ለነፋሱ ይሁን ለእሷ።
እስከ ባቡር መሻገሪያው መልስ አልሰጠችም።
አሞሌው ወረደ። ቆምን።

“ክሊፍ፣ እናትህን ስንት ሳምንት አጠብኳት?”

ዝም አልኩ።

“መቶ ሠላሳ ስምንት። በእያንዳንዱ እሑድ
ካላንደሩ ላይ ጭረት አድርጌያለሁ።
ስትገለበጥ፣ ስትቀና፣ ሌሊት ስትጣራ፣
ስሜን ስትረሳው፣ በሌላ ስም ስትጠራኝ፣
ማንም አልጻፈውም። አልከፋኝም።
አሁን ግን አንድ ሰው ልጻፍልሽ ሲለኝ
እምቢ ልበል?”

ባቡሩ አለፈ፤ ሁለት ፉርጎ ብቻ፣ ባዶ።
አሞሌው ተነሣ። ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩ፤
ግራ ትከሻዬ በሰበሰ።

ሌሊት፣ እሷ ስትተኛ፣ ከእናቴ መሳቢያ
የድሮዎቹን ካላንደሮች አወጣሁ፤ መርከብ ያለባቸውን።
ጭረቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ።
ተሳስታለች፤ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።
የመጨረሻዋ የቀብሯ ሳምንት ናት፣
ልብስ ያለበሰቻት።

አልቀሰቀስኳትም።
እርሳስ ፈለግሁ።
ጻፍኩት።